መብራት እስክስታ ሲወርድ፦ ከቡሄ ችቦ እስከ 18 ማዞሪያ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በኮልፌ 18 ማዞሪያ በእግሩ የሚያልፍ ሰው ዘፈኑን በጆሮው ሳይሰማ በዓይኑ ያየዋል። ከጁስ ቤቱ ኮርኒስ ሥር፣ በፀጉር ቤቱ መስታወት ዙሪያ፣ በሚኒባሱ ጣሪያ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ፕላስተር ተጠቅልሎ የሚሸጠው ባለ ቀለም መብራት ተለጥፏል። ስትሪፕ ላይት ይሉታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ብዙዎቹ ዝም ብለው አይበሩም፤ ዘፈኑ ሲመታ ይመታሉ፣ ሲረግብ ይረግባሉ። አንዳንዱ ደግሞ ዘፈኑ አንድ ነገር ሲል እሱ ሌላ ይላል። ወደዚህኛው ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን መብራት የልጆች ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ «ከተማውን ዳንስ ቤት አደረጉት» ብሎ መማረርም እንዲሁ። እኔ ግን እንደ ታሪክ ነው የማየው። በአዲስ አበባ ሌሊት ላይ ብርሃን ማብራትና ሙዚቃ ማሰማት ለረጅም ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ነበሩ። ፈቃዱን የሚሰጠው አንዴ ቤተ መንግሥት ነው፣ አንዴ ማዘጋጃ ቤት፣ አንዴ ሰዓት እላፊ የሚያስከብር ወታደር። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ታስረው፣ አንድ ወጣት በጣቱ በሚጫነው ቁልፍ ሥር የዋሉት ገና ትናንት ነው።

ብርሃንና ምት ግን በዚህ አገር የተገናኙት ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ እጅግ በፊት ነው። በቡሄ ዋዜማ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ በአንድነት ሲደቁ፣ ሲመሽም ችቦ ሲለኮስ፣ ነበልባሉን የያዘው እጅና ምቱን የሚጠብቀው አካል አንድ ነው። ልጁ ሲዘል ችቦው ይዘላል። መስከረም 16 ደመራ ዙሪያ የሚዞረው ሰው፣ የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዞ ከከበሮው ጋር የሚያሸበሽበው ምእመን እንዲሁ። በእነዚህ ሁሉ ብርሃኑን ከምቱ ጋር የሚያስማማው የሰው ክንድ ነው። መሣሪያ አያስፈልግም፤ ችግሩ የተፈታው ሳይነሳ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይህ ግንኙነት ተቆረጠ። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር ኃይል ሲበራ፣ አምፖሉ ግርግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አይንቀሳቀስም፣ አይጨፍርም። ይበራል ወይም ይጠፋል። ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል ተሠራ፤ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ የሚያመነጨው ይህ ጣቢያ የአገሪቱ የውኃ ኃይል ታሪክ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ቆይቶም በ2016 እ.ኤ.አ. ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። መብራቱ ከቤተ መንግሥት ወደ ሌጋሲዮን፣ ከሌጋሲዮን ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ታች ሰፈሮች ቀስ እያለ ወረደ።

ኮልፌ በዚያ ወረፋ ውስጥ ከፊት የነበረች ሰፈር አይደለችም። የከተማዋ ምዕራባዊ ዳር ነበረች። የውጭው ዓለም ኮልፌን የሚያውቃት በአንድ እንግዳዋ ምክንያት ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር። ስድስት ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። የዓመቱ ግጥጥሞሽ ደግሞ ያስገርማል። በዚያው በ1962 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ኒክ ሆሎንያክ የተባለ መሐንዲስ በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ አበራ። ዛሬ 18 ማዞሪያ ላይ የሚጨፍረው ቀይ መብራት አያቱ ያ ነው።

የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ሌሊት ግን በሌላ ቀይ ነበር የሚታወቀው። ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይሰቀላል፤ መጠጥ ቤት ደግሞ ቀይ ወይም ሰማያዊ አምፖል። ውቤ በረሃ በዚህ አምፖል ሥር ያደገ ሰፈር ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ተመረቀ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ገነኑ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ይዞ ብቅ አለ። ሙዚቃው እንዲህ ሲጋጋል ባለ ቀለሙ አምፖል ግን የሙዚቃው ተከታይ አልነበረም። ሥራው «ቤቱ ክፍት ነው» ማለት ብቻ ነው። ሳክስፎኑ ቢያለቅስ፣ ድራሙ ቢያብድ፣ እሱ ያው ቀይ ነው።

በዓለም ደረጃ ብርሃንን ለሙዚቃ የመግራት ሐሳብ ከኤሌክትሪክም ይቀድማል። ሉዊ በርትራን ካስቴል የተባለ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን እ.ኤ.አ. በ1725 «የዓይን ክላቭሳን» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ቁልፉ ሲነካ ከድምፅ ጋር ቀለም የሚያሳይ መሣሪያ። ከ170 ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሪሚንግተን ለንደን ውስጥ የቀለም ኦርጋኑን ለሕዝብ አሳየ። ሩሲያዊው አቀናባሪ ስክሪያቢን ደግሞ «ፕሮሜቴዎስ» በተባለው ሥራው ኖታ ላይ ለመብራት የተለየ መስመር ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1911 ሞስኮ ውስጥ ሲቀርብ ያለ መብራት ነበር፤ መብራቱ የታከለበት በ1915 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሁሉ መብራቱን የሚጫወተው ሰው ነው። መብራቱ ራሱ «እንዲሰማ» የተደረገው በኋላ፣ ትራንዚስተርና መሰሎቹ ሲረክሱ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (በእነሱ አቆጣጠር) የድምፅ ማጉያውን ሞገድ በማጣሪያ ሦስት ቦታ ከፍሎ ወፍራሙን ድምፅ ለአንድ ቀለም፣ መካከለኛውን ለሌላ፣ ቀጭኑን ለሦስተኛ የሚያድል ሣጥን በየዲስኮ ቤቱ ተተከለ። በ1977 መጨረሻ ጆን ትራቮልታ ከሥሩ በሚበራ ወለል ላይ ሲጨፍር የሚያሳየው ፊልም ወጣና ዓለምን አዳረሰ።

እዚህ ቆም ልበል። ያ ወር በእኛ ታኅሣሥ 1970 ነው። ቀይ ሽብር። ከ1967 ጀምሮ የጸናው ሰዓት እላፊ ከተማዋን በየሌሊቱ ይዘጋ ነበር። መንገድ ላይ መብራት ማየት ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ የሆነበት ዘመን ነው፤ ሌሊት የሚመጣ የመኪና መብራት ምን ይዞ እንደሚመጣ የዚያ ትውልድ ሰዎች ያውቁታል። ወላጆቻችን ለምን መጋረጃ አጥብቀው እንደሚዘጉ ጠይቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ መልሱ በከፊል እዚያ ነው ያለው።

ሙዚቃው ግን አልሞተም፤ ተቆለፈበት። ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት የገባ እንግዳ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቆያል። ሂልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ እንዲህ ነበር የሚጫወተው፦ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ እስኪችል ድረስ። የባንዱ «ቸ በለው» የተሰኘው አልበምም በዚያው በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እንግዲህ ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንደኛው ወለሉ ሳይቀር ለሙዚቃ ይበራል፤ በሌላኛው ሙዚቃው ከደጅ እንዳይታይ ይደበቃል። ዛሬ አንዳንድ ጎልማሶች የመንገድ ዳር ብልጭልጭ ሲያዩ የሚሰማቸውን ምቾት ማጣት «የትውልድ ክፍተት» ብዬ ለማቃለል የማልደፍረው በዚህ የተነሳ ነው። እነሱ የተማሩት የሌሊት ሥነ ምግባር «አትታይ» የሚል ነው።

ከ1983 በኋላ በሩ ተከፈተ። የካሳንችስ አዝማሪ ቤቶች፣ የመርካቶ ካሴት ቤቶች ከደጃፋቸው በደረደሩት ስፒከር፣ ቀጥሎ ሲዲ፣ ቀጥሎ ፍላሽ። ድምፁ ወደ ጎዳና ወጣ፤ ብርሃኑ ግን ገና የሀብታም ነበር። ዲስኮ መብራት የሚኖረው በር ላይ ጋርድ ያቆመ ቤት ውስጥ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ፊዚክስም ነበር። ቀይና አረንጓዴ ዳዮድ ቢኖርም ደማቅ ሰማያዊ አልነበረም፤ ያለ ሰማያዊ ነጭ የለም፣ ሐምራዊ የለም፣ ቀለም ማደባለቅ የለም። ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ዳዮድ አሳየ፤ በ2014 ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የቻይና ፋብሪካና የመርካቶ ነጋዴ ታሪክ ነው፦ አምስት ሜትር ጥቅል፣ ሦስት መቶ አምፖል፣ ጀርባው ማጣበቂያ፣ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ከነሪሞቱ።

ስሌቱን ለሚወዱ፦ በሜትር 60 አምፖል ያለው ባለ ሦስት ቀለም ስትሪፕ ሙሉ ነጭ ሲበራ በሜትር 14.4 ዋት ገደማ ይወስዳል። አምስት ሜትሩ 72 ዋት። ከድሮው 60 ሻማ አምፖል ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው፣ ያውም ሳያቋርጥ በሙሉ ኃይሉ ከበራ፤ በዘፈን ሲመታ ከዚያ ያንሳል። «መብራት የሚያጠፋው የእነሱ ብልጭልጭ ነው» የሚለው የሰፈር ክስ እዚህ ላይ አይቆምም። በግንቦት 2011 አገሪቱ መብራት በፈረቃ ያደረገችው የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ ነው እንጂ ጁስ ቤቶች ስለተበራከቱ አልነበረም። አሁን ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ መጠየቅ ያለበት መስመሩና ትራንስፎርመሩ ነው።

አሁን ወደዚያ «ዘፈኑ አንድ ሲል እሱ ሌላ ወደሚለው» መብራት ልመለስ። ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው።

ርካሹ መቆጣጠሪያ ሣጥን በውስጡ ጥቃቅን ማይክሮፎን አለው። ማይክሮፎኑ ዘፈን አያውቅም፤ የሚያውቀው «አሁን ድምፁ ከቅድሙ በረታ» የሚለውን ብቻ ነው። በረታ ሲል ያበራል፣ ሲቀንስ ያደበዝዛል። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «መርካቶ! መርካቶ!» ባለ ቁጥር መብራቱ ይደነብራል። በር ሲዘጋ ይጨፍራል። ጄኔሬተር አጠገብ ካስቀመጡት ለጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ እስክስታ ይወርዳል። ሻል ያለው ዓይነት የድምፁን ሞገድ በስሌት በየድግግሞሹ ይበትንና ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ማለትም የቤዝና የትልቁን ድራም ድምፅ ለይቶ እሱን ይከተላል። የበለጠ የተራቀቀው ደግሞ ምቱን ይገምታል፦ ባለፉት ሰከንዶች ምቶቹ በስንት ስንት ጊዜ ልዩነት እንደወደቁ ቆጥሮ ቀጣዩ መቼ እንደሚወድቅ ይተነብያል።

ችግሩ ትንበያው የተሰፋው በማን ልክ ነው የሚለው ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ፕሮግራም በልቡ የያዘው በአራት የሚቆጠር፣ እኩል እኩል የሚረግጥ የዲስኮ ምት ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የእኛ ችክችካ ግን በስድስት የሚሄድ ነው። ስድስቱን ሁለት ጊዜ ሦስት ብላችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ብላችሁም ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ ጣዕሙም ያለው ጆሮ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ ነው። ትከሻ አንዱን ይይዛል፣ እግር ሌላውን። ሣጥኑ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ሲመርጥ ይሳሳታል፣ ሲያርም ዘፈኑ አልፎታል። በዝግታ የሚሄድ ትዝታ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሚይዘው ያጣል፤ ማሲንቆና ክራር ያሉት በመካከለኛው ድምፅ ነው፣ ቤዙን የሚጠብቀው መብራት ዘፈኑ እስኪያልቅ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ጉራጊኛ ሲከፈት ግን ተመልከቱት፤ ፈጣን፣ ጠንካራ፣ እኩል የሚረግጥ ስለሆነ ሣጥኑ እንደ ሰርግ አጃቢ ያጨበጭባል። በኮልፌ ጉራጊኛ ደጋግሞ የሚከፈተው ለመብራቱ ሲባል ነው አልልም፤ ለመብራቱ ግን ተመችቶታል።

ይህ ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ በየቤቱ ገብቶ ጥዋት ማታ «ምት ማለት ይህ ነው» እያለ በብርሃን ሲያሳይ፣ ዲጄውም ለመብራቱ የሚመቸውን ሲመርጥ፣ ዘፈን የሚያቀናብረውም ለዲጄው የሚመቸውን ሲሠራ፣ ያ ስድስቱ የሚወዛወዝበት ቦታ መጥበቡ አይቀርም ብዬ እፈራለሁ። ከሰማንያዎቹ ወዲህ የድራም ማሽንና ኪቦርድ በአንዳንድ ዘፈኖቻችን ላይ ያደረጉትን የሰማ ሰው ፍርሃቴን አያጣጥለውም። መፍትሔው ያን ያህል የራቀ አይደለም። በገበያው ያለው የተሻለው ስትሪፕ እያንዳንዱ አምፖል ውስጥ የራሱ ቺፕ አለው፤ ለአንድ አምፖል ትእዛዝ ለመስጠት 30 ማይክሮ ሰከንድ፣ ለሦስት መቶው 9 ሚሊ ሰከንድ ይበቃል። ዓይን የማይይዘው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ግማሹ አምፖል ሁለቱን፣ ግማሹ ሦስቱን እንዲከተል ማድረግ ይቻላል፤ ትከሻና እግር እንደሚያደርጉት። ኮድ መጻፍ የጀመሩ የሰፈሩ ልጆች በሁለት ቅዳሜ የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ሣጥን ግን ለዚህ አልተሠራም።

የምቱ ጉዳይ የጤና ጉዳይም ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን የተባለው የልጆች ፊልም አንድ ክፍል ቀይና ሰማያዊን በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ሲያፈራርቅ 685 የሚሆኑ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በብልጭታ የሚነሳባቸው ጥቂቶቹ፣ ከመቶ ሦስት ያህሉ ናቸው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ብልጭታ በሰከንድ ከሦስት እንዳይበልጥ ነው፤ ደማቅ ቀይ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። አሁን ችክችካውን አስሉት። በደቂቃ 120 ጊዜ የሚረግጥ፣ በእያንዳንዱ እርግጫ ውስጥ ሦስት ንዑስ ምት ያለው ዘፈን በሰከንድ ስድስት ምት ይሰጣል። መብራቱ እያንዳንዷን ምት ከተከተለ ከገደቡ እጥፍ ነው። ትልቁን እርግጫ ብቻ ከተከተለ ግን በሰከንድ ሁለት፣ ምንም አይደለም።

በዳንስ ቤት የገባ ሰው ፈልጎ ነው የገባው፤ ካልተመቸው ይወጣል። ሚኒባስ ግን ሌላ ነው። ከመርካቶ ተሰልፎ፣ የመጨረሻዋን ወንበር አግኝቶ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከዓይኑ አንድ ክንድ ላይ የሚብለጨለጨውን ስትሪፕ የመምረጥ ዕድል የለውም። የሚጥል በሽታ በአገራችን እንዴት እንደሚታይ ደግሞ እናውቃለን። ታክሲ ውስጥ የወደቀ ሰው ክብሪት ይጫርለታል፣ ጠበል ይመከራል፣ ሰው ይሸሸዋል። በዚህ ምክንያት ሕመሙን የሚደብቅ ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ ይቺን መብራት አጥፋት» ለማለት እንኳ ይቸገራል፤ ለምን ሲባል ምን ይላል?

ሕጉ ስለ ድምፅ ብዙ ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል። በደረጃው መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። 18 ማዞሪያ በአንድ ግድግዳ ልዩነት ሁለቱንም ስለሆነ የትኛው ይሠራል የሚለው ራሱ ያከራክራል፤ ቢሆንም ቢያንስ የሚከራከሩበት ቁጥር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና ጎዳናዎች ያሉ ሕንጻዎች ፊታቸው በመብራት እንዲያሸበርቅ ተደርጓል። ያ ብርሃን ከላይ የታቀደ፣ ወጥ፣ የማይጨፍር ነው። የ18 ማዞሪያው ደግሞ ከታች የመጣ፣ ያልታቀደ፣ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ዘፈን የሚያበራው ነው። እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ ውቤ በረሃ በማዘጋጃ ቤት ዲዛይን አልተሠራም። ነገር ግን ከተማዋ ለጌጥ መብራት ይህን ያህል ልብ ከሰጠች፣ የትራንስፖርት ቢሮውም የታክሲ ውስጥ ብልጭታ በሰከንድ ከሦስት አይበልጥ ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም። መብራቱን ማስፈታት አይደለም የምለው። ቅጣት ሰብሳቢ ደንብ አስከባሪ ማሰማራትም አይደለም፤ እሱ ከመጣ ስትሪፑ ሳይሆን የልጁ ገቢ ነው የሚነቀለው።

እስከዚያው ሾፌሮችና ረዳቶች የሚያደርጉት አለ። በብዙዎቹ ሪሞቶች ላይ ፍጥነት መቀነሻና ብርሃን መቀነሻ ቁልፍ አለ። ሁለቱንም በግማሽ ማውረድ፣ ከቀይ ይልቅ ሰማያዊና አረንጓዴ መምረጥ፣ ስትሪፑን ከተሳፋሪው ዓይን ትይዩ አንስቶ ከወንበር ሥር ወደ ወለሉ ማዞር። የስትሪፑ መጨረሻ አካባቢ ነጩ ወደ ቀይ ካደላ ደግሞ መብራቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ በቀጭኑ መዳብ ላይ ኃይሉ እየቀነሰ ሄዶ፣ ከቀዩ የበለጠ ቮልት የሚፈልጉት ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀድመው ስለደከሙ ነው። ከሌላኛው ጫፍ ሁለተኛ ሽቦ አምጥቶ ማገናኘት ይበቃል። ሽቦው ወፍራም ይሁን።